ብልቃጡ ውስጥ ምን አለ?

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2
የካቲት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለኑሪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ቤታችሁን ሰላም ያድርገው፤ አንቺን፣ ወንድምሽን ከይረዲንን፣ ትንሿን ሙሽራችንን ውዳድን ከክፉ ዓይን ይሰውርልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። አረፋን ያለ እናንተ ስውል ግን የቀረበው ሁሉ አልጣመኝም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጀዋሪያ በነገሩ ተስማምታለች። ልጇ ኒዛር የውዳድን ፎቶ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው አሉ። ሠርጉ ከረመዳን በኋላ ይሁን አሉኝ፣ እኔም በእናንተ ስም እሺ ብያለሁ። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ከእኔ ሌላ ማንን ታምን ነበር? እኔና እሷ የሁለት እህትማማቾች ልጆች ብንሆንም ያደግነው በአንድ ምንጣፍ ላይ ነው። አንቺ እህትሽን እንደ እናት ሆነሽ አሳድገሻታል፤ ለወግ ማዕረግ ማብቃቱ ደግሞ የእኔ ድርሻ ይሁን።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳይከፋሽ። ጀዋሪያ ፎቶውን አገላብጣ አየችና «ልጅቷ ቆንጆ ናት፣ ደረቷ ግን የወንድ ነው» አለችኝ። እዚህ አገር ሙሽራ ሰባት ቀን ሙሉ ሽቲ የሚሉትን ቀሚስ እየለበሰች ትቀመጣለች። ሽቲ ደግሞ ስስ ነው፣ ያለውንም የሌለውንም ያሳያል። የጀዋሪያ ሰፈር የካርቲየ 1 ሴት ሁሉ ሊያያት ይመጣል። እኔ ያመጣኋት ልጅ እንዲሳቅባት አልፈልግም።

ስለዚህ ሸቀጥ ይዞ በሚመላለሰው በጀላሉዲን እጅ ስድስት ብልቃጥ ልኬልሻለሁ። በባቡር ስለሚመጣ ሐሙስ ይደርስሻል። ራሴ የምቀምመው ጡት ማሳደጊያ ነው፤ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ እንስላልና ሌላም ቅጠል በማር የተለወሰ። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ ትውሰድ። ሁለቱ የውዳድ ነው፤ አራቱን ሱቅሽ ውስጥ ሽጪው፣ ትርፉን እንካፈላለን።

ከመጀመሯ በፊት በደረቷ ዙሪያ ክር አዙሪና ቆርጠሽ ላኪልኝ። ልብስ ሰፊያችን ሩቅ ላለ ሰው በክር ነው የሚሠራው። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ሌላ ክር ትልኪያለሽ፣ ያኔ ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ።

አክስትሽ ማይሙና


ድሬዳዋ፣ መጋላ
መጋቢት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለማይሙና፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። ጉልበትዎን አላህ ያሽርልዎ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እኛ በዱዓዎ ደህና ነን። ከይረዲን ሥራው ላይ ነው፤ ውዳድም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልትፈተን ቀን ከሌት ታጠናለች።

ስድስቱም ብልቃጥ ሳይሰበር ደርሷል። ጀላሉዲን ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ የሳል መድኃኒት ነው ብዬ ሸኘሁት። ስልክ ያልደወልኩልዎ ቴሌ ውስጥ ሰልፈኛው ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ስለሚሰማ ነው፤ እዚያ መሃል ቆሜ ስለ ጡት ላወራ አልችልም።

ውዳድ ቀላል ልጅ አይደለችም። ጀዋሪያ ያሉትን ስነግራት «ኒዛር ፎቶዬን አይቶ ወዶኝ የለም እንዴ? የምታገባኝ እናቱ ናት?» አለችኝ። ብልቃጡን አሸተተችና አልወስድም አለች። እኔ ግን እናት የሌላትን ልጅ ሰው ቤት አሳፍሬ አልልክም ብዬ ተቆጣኋት። ማንኪያውን አፏ ድረስ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ለእኔ የተረፈኝን ቆርጬ ላካፍላት ብችል ኖሮማ የእርስዎ ብልቃጥ ባላስፈለገ ነበር።

አራቱ ብልቃጥ በአምስት ቀን ውስጥ አለቀ። ሴቱ ዋጋ አይከራከርም፤ የሚጠይቀው ይሠራል ወይ ብሎ ብቻ ነው። ሌላ ይላኩልኝ። ክሩን እዚሁ ደብዳቤው ውስጥ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ፣ ቀዩ ነው።

ልጅዎ ኑሪያ


ጅቡቲ
ሚያዝያ 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑሪያ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ሪዝቅሽ ይስፋ። እንደ ጠየቅሽኝ አሥራ ሁለት ብልቃጥ ልኬያለሁ። ክሩን አየሁት፣ የሕፃን ልጅ ነው የሚመስለው። ጊዜው አጭር ስለሆነ ለውዳድ ሁለት ሁለት ማንኪያ አድርጊላት። ይበዛባታል ብለሽ አትፍሪ፣ ቅጠል ሰው አይጎዳም። የሐኪም ኪኒን እኮ አይደለም።

ጀዋሪያ በየሳምንቱ ሱቄ ብቅ እያለች ስለ ልጅቷ ትጠይቀኛለች። አታሳፍሩኝ።

ማይሙና


ድሬዳዋ
ሰኔ 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

አላህ ከዚያ ከጅቡቲ ሙቀት ይጠብቅዎ። ከይረዲንም ሰላም ይበሉልኝ ብሏል።

ሁለተኛው ክር ይኸው። ከመጀመሪያው ጋር ቢያስተያዩት ሁለት ጣት ሙሉ ይበልጣል። ዓይኔን አላመንኩም ነበር፤ ሦስት ጊዜ ለካኋት። እውነት ይሠራል።

ነገር ግን አክስቴ፣ ልጅቷ አልተመቻትም። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል፣ ራሷን ይፈልጣታል። ደረቷ ልብስ ሲነካው ያማታል። የወር አበባዋም ተዛብቶ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ መጣባት። ፈተናውን ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ነው የጨረሰችው። ከእኔ ከገዙት መሃልም አንዷ ሦስት ቀን ስታስታውክ ሰነበተች። እስቲ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ይጻፉልኝ። «ሌላም ቅጠል» ያሉት ምንድን ነው? ያልተስማማትን ለይተን እናስቀርላት።

ኑሪያ


ጅቡቲ
ሰኔ 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለኑሪያ፣

ሰላም ለቤታችሁ። እዚህ ንፋሱ አሸዋ እያነሳ ፊታችንን ይገርፈናል፣ መብራትም ከጠዋት እስከ ማታ የለም። ለዚህ ነው የዘገየሁት።

ቅመሜን አንድ በአንድ ጻፊልኝ ማለትሽ ገርሞኛል። ነገ እዚያው ቀምመሽ ልትሸጪው ነው? ልጄ ነሽ ብዬ ትርፉን አካፈልኩሽ፣ አንቺ ደግሞ ሥራዬን ከእጄ ልትወስጂ ትፈልጊያለሽ። አብሽ አለው፣ ጥቁር አዝሙድ አለው፣ እንስላል አለው። ማቅለሽለሹ ሰውነቷ እየተቀበለው ስለሆነ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው። እንዳታቋርጥ።

ሁለቱን ክር ጎን ለጎን አድርጌ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። «የድሬዳዋዋ ሙሽራ» እያልኩ አሳያለሁ፣ ያየ ሁሉ ሳይገዛ አይወጣም።

ማይሙና


ድሬዳዋ
ነሐሴ 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለማይሙና፣

አላህ ጤና ይስጥዎ። እኛ ደህና አይደለንም።

ከሦስት ሳምንት በፊት የውዳድ ግራ እግር ከባቱ ጀምሮ አበጠ። ደረጃ ላይ ተደናቅፋ ስለነበር ውልቃት ነው ብዬ ወጌሻ አስጠራሁ። ሁለት ቀን በሰሊጥ ዘይት አሸላት። እሷ ትጮኻለች፣ እኔ እጇን ይዤ ቻይው እላታለሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደረቷን ይዛ መተንፈስ አቃታት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። ከይረዲን ተሸክሟት ሐኪም ቤት ሮጠ። እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ኖሮ ከዚያ ተነስቶ ሳንባዋ ገብቷል። መታሸት የለባትም ነበር አሉን። አሥራ አንድ ቀን ሆዷ ላይ መርፌ ስትወጋ ከረመች። አልሞተችም፣ አልሐምዱሊላህ።

አሁን የሚገድላት ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ ገና እንደ ገባን «ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» ሲል ምንም አልን። እኔም ከጎኗ ቆሜ ምንም አልኩ። ማርና ቅጠልን ማን መድኃኒት ይለዋል? ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ልጅቷን አየና «የወሊድ መከላከያ ኪኒንስ? እውነቱን ንገሩኝ፣ በዚህ ዕድሜ ደም ዝም ብሎ አይረጋም» አለ። ክፍሉ ውስጥ ከይረዲን ነበር። እዚህ የሚኖሩት የጀዋሪያ እህትም ሊጠይቋት መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። በማግስቱ ወሬው ጅቡቲ ደረሰ፤ እርስዎም ሰምተውታል።

ያላገባች ልጅ፣ የታጨች ልጅ፣ ኪኒን ምን ያደርግላታል? ከይረዲን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰላትም። እሷ ያለችበት ክፍል አይገባም። እሷ ደግሞ በአላህ ስም እየማለች አልወሰድኩም ትላለች። በቁርኣን አስምያታለሁ።

ቤት ስንመለስ ብልቃጡ ትዝ አለኝና ለሐኪሙ ወሰድኩለት። በሞቀ ውሃ በጥብጦ በፋሻ አጠለለው። ፋሻው ላይ ያልሟሟ ቢጫና ነጭ ፍርፋሪ ቀረ። «አብሽ ጡት እንደሚያሳድግ የሚያረጋግጥ ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህን ያህል ከለወጣት ሌላ ነገር ተጨምሮበታል። እዚህ የሚመረምርልን ቤተ ሙከራ የለም፤ የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው» አለኝ።

የሸጥኩላቸውን ቤት ለቤት እየዞርኩ ብልቃጡን ስሰበስብ ሰነበትኩ። ሁለቱ እየሠራልን ነው ብለው እምቢ አሉኝ።

አሁን ቅመም ልሰርቅዎ አይደለም የምጠይቅዎ። ብልቃጡ ውስጥ ምን አለ? ጽፈው ይላኩልኝ። የእህቴ ስም በእርስዎ አንድ መስመር ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ኑሪያ


ድሬዳዋ
መስከረም 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለማይሙና፣

ሰላም ይሁኑ። ጀላሉዲን ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፣ ሦስት ጊዜም ባዶ እጁን መጣ። ደብዳቤዬን በእጅዎ ተቀብለው ፊቱ እንዳነበቡት ነግሮኛል። ጠረጴዛዎ ላይ ወረቀት እንዳለም አይቷል።

ጀዋሪያ ሽማግሌ ልከው ነገሩ ቀርቷል ብለዋል። ምክንያቱን ግልጽ አድርገው፣ በሰው ፊት ተናግረዋል። ከይረዲን ውዳድን ከቤት እንዳትወጣ ከልክሏል። ውጤቷ መጥቶ አላየችውም፣ እኔ ነኝ ሄጄ ያመጣሁላት። አልፋለች፤ ማንም እንኳን ደስ ያለሽ አላላትም።

ምን አለ ብልቃጡ ውስጥ?

ኑሪያ


ጅቡቲ
መስከረም 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለኑሪያ፣

አላህ ልባችሁን ያረጋጋው፣ ልጃችንን ፈጽሞ ይማርልን፣ ከዚህ የከፋም አያምጣብን። በየሰላቱ ዱዓ እያደረግሁላት ነው። ለሐኪም ቤት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በጀላሉዲን ልኬያለሁ፣ ለእሷ ምግብም ግዙበት።

በጠየቅሽኝ ነገር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እኔ የምሸጠው ቅጠል ነው። ስንት ዓመት ሸጥኩት፣ እዚህ እግሯ ያበጠ አንዲት ሴት የለችም። ሐኪሞች የእኛን የቤት ቅመም እንደማይወዱ ታውቂያለሽ፤ ያላወቁትን ሁሉ በእሱ ያሳብባሉ።

እንግዲህ እንደ እናት ልንገርሽና አትቆጪኝ። ሐኪሙ ዝም ብሎ አይጠይቅም። ውዳድ ልጅ ናት፣ ከተማው ሰፊ ነው፣ ተማሪ ቤት ውስጥ ጎረምሳው ብዙ ነው። አንቺ ሱቅ ስትውዪ እሷ የት እንደምትውል ማን ያውቃል? ተሳስታም ከሆነ አላህ መሓሪ ነው። ቀስ ብለሽ ጠይቂያትና ከነገርሽ በምስጢር እንይዘዋለን።

ማይሙና


ድሬዳዋ
ጥቅምት 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ማይሙና፣

ሰላምታ የለኝም። እስከ ዛሬ እርስዎ ስልሽ የኖርኩት ለእናቴ ብዬ ነው። እሷም ይህን ደብዳቤሽን ብታነብ ስምሽን እንኳ አትጠራም ነበር። ገንዘብሽን በጀላሉዲን መልሻለሁ፣ ቆጥረሽ ተቀበይው።

አሁን የማውቀውን ልንገርሽ። ጀላሉዲን ባለፈው መልስ ሊጠብቅ ደጅሽ ላይ ሲቀመጥ፣ ቤትሽ የምትሠራዋ አበቡ ውሃ ልትሰጠው ወጥታ ነበር። የአገሯ ሰው ስለሆነ ስለ ውዳድ ሕመም ነገራት። ልጅቷ እንደ ቆመች ማልቀስ ጀመረች አለኝ። ሐሙስ ሐሙስ ትንንሽ ኪኒን እየፈለቀቅሽ ትሰጫታለሽ፣ እሷ በሙቀጫ ትወቅጣለች፣ አንቺ ከማሩ ጋር ትለውሺዋለሽ። ባዶ ሽፋኑን ደግሞ ሰፈር ውስጥ እንዳይታይ ጠቅልላ ከተማው ዳር ሃያብለ ድረስ ወስዳ ትጥላለች። ምን ኪኒን እንደሆነ አታውቅም፣ ማንበብ አትችልም። አንድ ባዶ ሽፋን ከቋጠሮዋ አውጥታ ሰጠችው። ጀላሉዲን አመጣልኝ፣ እኔም ለሐኪሙ አሳየሁት። አንብቦ ወንበሩ ላይ ተደገፈና «የወሊድ መከላከያ ነው» አለኝ።

እኔ ቅጠል ነው ብዬ ስንት ሴት አስዋጥኩ? አንዷ ልጅ ለመውለድ አራት ዓመት ስትለማመን የኖረች ናት። ሌላዋ ጡቴ ካማረ ባሌ ይወደኛል ብላ ከእኔ የገዛች ናት፣ ጨቅላ ታጠባለች። ለእነሱ ምን ብዬ ልንገራቸው?

አንቺ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ነው ወረቀት አንስተሽ ስለ ጎረምሳ የጻፍሽልኝ። እህቴ አልጋ ላይ ሆና ትንፋሽ ስትለምን አንቺ የደረቷን ክር ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ ትነግጂበት ነበር። ያንን ክር አውርጂው። ዛሬውኑ።

ባዶ ሽፋኑን ለከይረዲን አሳየሁት። «ባዶ ሽፋን ከየትም ይመጣል፣ የራሷ ቢሆንስ?» አለኝ። የአበቡን ቃልም የሠራተኛ ወሬ ነው አለው። ስለዚህ በራስሽ እጅ ጻፊ፣ ፈርሚበት። ለጀዋሪያም በአፍሽ ንገሪያት። ሌላ ምንም አልፈልግብሽም።

ኑሪያ


ጅቡቲ
ህዳር 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ኑሪያ፣

ሰላም እንዳልልሽ አፌ ተያዘ። ረመዳን ነው፣ ጾሜን ይዤ ነው የምጽፍልሽ። ዛሬ የምዋሽሽ የለም።

እውነቱን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። መጀመሪያ የምሸጠው እንዳልኩሽ አብሽና ጥቁር አዝሙድ ብቻ ነበር። ምንም አይሠራም። ሴቶቹ ወር ቆጥረው ባዶውን ብልቃጥ እያመጡ፣ ገንዘባችንን መልሺ እያሉ ደጄ ላይ ይጮኹ ነበር። አንዷ አጭበርባሪ ብላ ምራቋን ተፍታብኛለች። ያኔ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። የመጨረሻ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ኪኒኑን፣ እዚህ ፒሉል ነው የሚሉት፣ ስወስድ ልብሴ ሁሉ ደረቴ ላይ ጠቦኝ ነበር። እሱን ነው የጨመርኩት። በመጀመሪያ ጥቂት፣ ኋላ በአንድ ብልቃጥ ሦስት ሙሉ ጥቅል። ሠራ። ማጭበርበሬ ሲጀመር ሰዉ አጭበርባሪ ማለቱን ተወኝ።

ስድስት ዓመት እኔ ራሴ ውጬዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ሐኪም የሚሰጠው ነገር መርዝ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ለውዳድ እጥፍ አድርጊላት ስልሽም ክፉ አስቤ አይደለም። መስከረም ላይ ያን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ግን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ለእሱ ምክንያት የለኝም። እሷ ብትጠፋ ይሻላል፣ እኔ ሱቄን ይዤ ልኑር ብዬ ነው።

አበቡን የአንቺ ደብዳቤ በደረሰኝ ቀን አባረርኳት። ሲቆጨኝ ሃያብለ ድረስ ሄጄ የተጠለለችበትን ቆርቆሮ ቤት አገኘሁ። ያልከፈልኳትን የሁለት ወር ደሞዝ ተቀብላኝ በሩን ዘጋችብኝ።

ከዚያም በኋላ ቢሆን አልጽፍልሽም ነበር። ያስጻፈኝ የትናንቱ ነው። ከዐስር ሰላት በኋላ ጀዋሪያ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጇን አስከትላ መጣች። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሦስት ሴቶች ነበሩ። ተቀምጣ ላቧን እየጠረገች፣ «ያቺ የድሬዳዋ ልጅሽ ፒሉል ስትውጥ ከርማ ቤቴ ልትገባ ነበር፤ አላህ አወጣኝ» አለች። ሴቶቹ አስተግፊሩላህ አሉ። እኔ መደርደሪያዬን አስተካከልኩ። ቀጥላ ልጇን በክርኗ ገፋ አድርጋ «ለእሷ ሁለት ብልቃጥ ስጪኝ፣ ደረቷ እምቢ ብሏል፣ ሊያጫት የሚመጣ ሰው አላት» አለችኝ።

ልጅቷ አቀርቅራ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ብልቃጡን ከመደርደሪያው አነሳሁ። እስከ መስጠት ደርሼ ነበር፣ አልዋሽሽም። ከዚያ የእግሯን ባት አየሁት፣ ቀጭን ነው። ብልቃጡን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። «ጀዋሪያ፣ ይህን አትስጫት» አልኳት። ለምን ስትለኝ «ውዳድ የዋጠችው ፒሉል እዚህ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ልጅቷ አታውቅም» አልኩ። ሴቶቹ ፊት ነው የተናገርኩት።

ጀዋሪያ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ተነስታ መደርደሪያውን በክንዷ ጠረገችው። ማሩ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አንዷ ደንበኛዬ እዚያው ሆዷን ይዛ ተቀመጠች፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ካረገዘችም በኋላ ስትወስደው ነበር። ወደ ሐኪም ላክናት።

ክሮቹን አውርጄአለሁ። ሱቄ ዝግ ነው። ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት በእጄ ጽፌ ፈርሜበታለሁ፣ ጀላሉዲንና አንድ ጎረቤቴ መስክረውበታል። ለከይረዲን አንብቢለት። ውዳድን ይቅርታ ጠይቂልኝ አልልሽም።

ማይሙና


ድሬዳዋ
ህዳር 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ማይሙና፣

ወረቀትሽ ለዒድ ዋዜማ ደረሰኝ። በዒድ ቀን ምሳ ከተበላ በኋላ ሁሉም ባሉበት አነበብኩት። ከይረዲን እስክጨርስ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ ተነስቶ ውዳድን ግንባሯን ሊስማት ጎንበስ ሲል ፊቷን መለሰችበት። «አራት ወር ሙሉ በአፌ ነገርኩህ። የኔን አፍ ሳታምን የማይሙናን ወረቀት አመንክ» አለችው። ሰውየው እጆቹ የት እንደሚቀመጡ ጠፍቶት ቆሞ ቀረ።

ጀዋሪያ በሦስተኛው ቀን በጎረቤት ስልክ ደወሉልኝ። አልቅሰዋል፣ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ሠርጉ ይሁን ብለዋል። ሐኪሙ እግሯ እንዳበጠ ሊቀር እንደሚችል ነግሮናል ብላቸው «ሽቲ ረጅም ነው፣ ይሸፍነዋል» አሉኝ። ለውዳድ ነገርኳት። «ኒዛር አንድ ቀን ደውሎ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠይቆኛል?» አለች። አልጠየቀም። «እንግዲያው ንገሪያቸው፣ አልመጣም» አለችኝ። ነግሬያቸዋለሁ። ያ ሁሉ የተባለለት የደረቷ ሁለት ጣት ሄዷል፣ ብልቃጡን ካቆመች በኋላ ተመልሶ እንደነበረው ሆኗል። የቀረው እግሯ ነው።

አንቺን ይቅር አላልኩሽም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ለእሱ አይደለም። አንድ ያልጻፍኩልሽ ነገር አለ፣ ላንቺ ካልሆነ ለማን እንደምናገረው አላውቅም።

ነሐሴ ውስጥ ከሐኪም ቤት በወጣች በሳምንቷ፣ እግሯ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ፣ በጋሪ ጭኜ አንዲት አዋላጅ ዘንድ ወሰድኳት። ለእግርሽ ነው ብዬ ዋሽቻት ነው የወሰድኳት። ልጃገረድ መሆኗን እዪልኝ አልኳት ሴትዮዋን። ውዳድ የመጣችበት ሲገባት አልጮኸችም። ጣራውን እያየች ተኛች። አዋላጇ ስትጨርስ እጇን እየታጠበች «ይቺ ልጅ ምንም የለባትም፣ አታሳፍሪያት» አለችኝ። በዚያው ቀን ለከይረዲን ብነግረው ኖሮ ያኔውኑ ባመናት ነበር። አልነገርኩትም። እህቱን እንዲህ ማድረጌን እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም። እሷ አንገቷን ደፍታ ክፍሏ ውስጥ ስትከርም፣ እኔ የራሴን ፊት ጠብቄ ላንቺ የቁጣ ደብዳቤ እጽፍልሽ ነበር። በእያንዳንዱ ደብዳቤ አንቺን እውነቱን አውጪ እያልኩ።

ከዒድ በኋላ ለከይረዲንም ነገርኩት፤ አሁን ከእኔም ጋር አያወራም። ውዳድ ዘንድ ገባሁና እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ይቅር በዪኝ አልኳት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «ማይሙና ቢያንስ ፊቴን አታይም ነበር። አንቺ እያየሽኝ ነው ያደረግሽው።»

ዛሬ ጠዋት ደሟን ልትመረመር ሐኪም ቤት ስትሄድ አብሬሽ ልሂድ አልኳት። ጫማዋን ባበጠው እግሯ ላይ ቀስ ብላ አጠለቀች፣ በሩን በላዬ ዘጋችና ብቻዋን ሄደች።

ኑሪያ